የሃያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ጭርርር… ጭርርር… ጭር። ብረት መስታወት ሲፍቅ የሚያወጣው፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ። ኑረዲን ዓይኑን አልገለጠም። በእንቅልፍና በንቃት መካከል እሱ ብቻ የሚያውቃት አንዲት ጠባብ ሰፈር አለች፤ እዚያ ሲሆን ድምፅ ሁሉ ሌላ ነገር ይሆንለታል። ጭርርታው መጀመሪያ ሩቅ የሚቆም ባቡር መሰለው፤ ቀጥሎ ደግሞ በረጋ ሐይቅ ላይ ተንሸራቶ ወደ እሱ የሚመጣ ሰው። ሰውየው ማን እንደሆነ ለማየት በሕልሙ አንገቱን ሲያሰግግ ድምፁ ቆመ።

«አንተ! ሞተሃል እንዴ?»

ዓይኑን ገለጠ። የሚታይ ነገር የለም፤ ሁሉ ነጭ ነው። ኑረዲን የሚሠራው ቸርች ስትሪት አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ የሚውለውም ቡዝ በሚሏት፣ ቁም ሣጥን በምታክል የመስታወት ቤት ውስጥ። የፌብሩዋሪ ውርጭ ቤቲቱን ከውጭ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ አድርጓታል። በዚያ ነጭ ላይ አሁን ብርቱካን የምታክል ክብ ተፍቃለች፤ በክቧ ውስጥ አንድ ዓይን አፍጥጦ ያየዋል።

«ክፈት እንጂ! ልደርቅልህ ነው!»

በሽር ነው። ኑረዲን በሩን ገፋ ሲያደርግለት ብርዱና በሽር እኩል ገቡ። ሁለት ሰው ለማትይዘው ቤት ሁለት ሰው ሆኑ፤ ጉልበትና ጉልበት ተጋጠመ። በሽር የዳቦ ቤት ቫን ይነዳል። ካርቱም ውስጥ ከኑረዲን ጋር በአንድ ጣሪያ ላይ ዘጠኝ ወር አድረዋል፤ ቶሮንቶም የገቡት በአንድ ዓመት ነው። የበረዶ መፋቂያውን ኪሱ ከተተና እጁን ሂተሩ ላይ ዘረጋ። ሁልጊዜ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይዞ ነው የሚመጣው።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለ።

«ምን?»

«መጀመሪያ እሺ በል።»

«እሺ።»

የኑረዲን ችግር ይኸው ነው። እሺ የሚለው ቃል ከአፉ ቀድሞት ይወጣል፤ እሱ የሚደርስበት በኋላ ነው።

«የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ ትሆነኛለህ።»

ኑረዲን ሳቀ። በሽር ግን አልሳቀም።

«ወላሂ የምሬን ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከ መቼ ዳቦ ይዤ ልዙር? ማግባት አለብኝ።»

«ሽማግሌ? እኔ? ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ፣ በሽር!»

«ዕድሜህን ማን ጠየቀህ? እኔ የምፈልገው ጸጉርህን ነው።»

እውነቱን ነው። የኑረዲን ጸጉር መሸበት የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሦስት ሲሞላው ጥቁሩን ፈልጎ ማግኘት አስቸገረ። የሚያውቁት ሰዎች «በረሃ ላይ ያየው ነገር ነው» እያሉ በሐዘኔታ ይተርኩለታል። እሱ በረሃው ላይ ያየው አሸዋ ብቻ ነው። አባቱም እንዲሁ ነበሩ፤ የአባቱም አባት። የዘር ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም።

«ደግሞ ማንን ልላክ?» ቀጠለ በሽር። «እስቲ ንገረኝ፤ በዚህ ከተማ ሽማግሌ የሚባል ያበሻ ዘር አይተህ ታውቃለህ?»

ኑረዲን አሰበ፤ አላየም። በዚያን ዓመት ቶሮንቶ የነበረው አበሻ ሁሉ ወጣት ነበር። አባቶችና አጎቶች ድንበር በእግር መሻገር ስላልቻሉ ከወዲያ ቀርተዋል፤ የተሻገረው ጉልበት ያለው ነው። ሰርግ ሲሆን የሚመርቅ፣ ጠብ ሲሆን የሚገላግል ትልቅ ሰው ይጠፋል። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው አንድ ጋሽ ተማም ነበሩ፤ እሳቸው ይመርቃሉ፣ ይገላግላሉ፣ ስም ያወጣሉ።

«ጋሽ ተማምን አትልክም?»

«እሳቸውን ወደ ራሳቸው ልላካቸው? የማገባው እኮ የእህታቸውን ልጅ ነው። ዙበይዳን።»

ሂተሩ ውስጥ ያለችው ሽቦ ቀይ ናት። ኑረዲን ሽቦዋን ያይ ጀመር። ብዙ አያት።

«ሰብስቤ ይናገራል» አለ በሽር። «ደሴ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር አፉ ተገርቷል፤ መላጣም ስለሆነ ያስከብራል። ዓለሙ መኪና ስላለው ያደርሳችኋል፤ ከፈለገ ከኋላ ይቆማል። አንተ ምንም አትናገርም። ኮፍያህን ታወልቃለህ፣ ትቆማለህ፤ በቃ። ደግሞ አደራ፣ እስከ ቅዳሜ ጸጉርህን እንዳትነካው።»

«ሌላ ሰው…»

«እሺ ብለሃል። ይልቅ በባስ አብረሃት ነው አሉ የምትሄደው፤ እኔ በዒድ ቀን ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት። እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ ኑረዲን።

በሽር ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። የፋቃት ክብ መልሳ ነጭ እስክትሆን ድረስ ኑረዲን በእሷ በኩል የዳቦውን ቫን ሲርቅ አየ።

*

ከአራት ወር በፊት ነው። ኑረዲን የሚኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆቹ ክብ መንገድ ዙሪያ ተሰልፈው የቆሙበት ሰፈር ነው፤ ባሱ ክቡን ይዞርና ሸለቆውን በድልድይ ተሻግሮ ፔፕ የሚባለው ባቡር ጣቢያ ያወርዳል። በእኛ ሰዓት የአንድ ሰዓት ከአሥሩ ባስ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ያን ዕለት ኑረዲን ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ብረቱን ተንተርሶ እንደ ልማዱ ቁሞ ያልማል። ከፊቱ የተቀመጠች ልጅ ቀና ብላ አየችው። ሻሿ አረንጓዴ ነው። ደብተሯን አቀፈችና ብድግ አለች።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችው፤ በአማርኛ።

በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ፣ ኡርዱና ግሪክኛ መካከል አማርኛ ድንገት ሲመጣበት ማን እንደተጠራ አልገባውም። ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከኋላው በር ብቻ ነው ያለው። «የለም፣ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው» ማለት ነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን የልጅቱ ፊት ላይ ያለው ትሕትና ወዲያውኑ ትእዛዝ ሆነበትና ተቀመጠ። እሷ ከፊቱ ቆመች። እንደ ተቀመጠ ነገሩ ሁሉ አብሮ ተቀመጠ።

በማግስቱ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለችው። «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ ደህና?» አላት። ድምፁን ወፈር አደረገው። ለምን እንዳደረገ አያውቅም፤ ወንበር የተለቀቀለት ሰው በቀጭን ድምፅ መናገር ነውር መሰለው። በሳምንቱ «ትምህርት እንዴት ነው?» እያለ የሚጠይቅ አጎት ሆነ። በወሩ «ብርድ ነው፣ አንገትሽን ሸፍኚ» ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋትማ ምንም ሳያሳልው እንደ ሽማግሌ ሲያስል ራሱን ሰምቶ ደነገጠ።

ስሟ ዙበይዳ ነው። ጠዋት ፔፕ አጠገብ እንግሊዝኛ ትማራለች፤ ከሰዓት ስፓዳይና መንገድ ላይ ባለ የልብስ ፋብሪካ ዚፕ ትሰፋለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችው እሷ ናት፤ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው፣ ሳትፈራና ሳትሽኮረመም። በዕድሜው ብታውቀው ኖሮ አንዱንም አትነግረውም ነበር። ኑረዲን ይህንንም ያውቃል። ሽበቱ ያቀረበለትን ሽበቱ መልሶ ይከለክለዋል።

ቀን ቀን ቡዟ ውስጥ ሲቀመጥ ያው ሕልም ይመጣል። ባሱ ፔፕ ላይ አይቆምም። ከተማውን ሰንጥቆ ይወርድና ሐይቁ ላይ ይወጣል። ሐይቁ እስከ መጨረሻው ረግቶ ነጭ ሆኗል። ሾፌር የለም፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። የነቁት እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ጎማው በረዶው ላይ ሲሄድ እንደ ሐር ይንሿሿል። ከሐይቁ ማዶ አሜሪካ ነው ይላሉ፤ በሕልሙ ግን ማዶው ሌላ ቶሮንቶ ነው፤ ሰው ሁሉ ዕድሜውን ግንባሩ ላይ ጽፎ የሚሄድበት። «የት ነው የምንወርደው?» ትለዋለች። ሊነግራት አፉን ሲከፍት አንድ መኪና ጡሩንባ ይነፋና ኑረዲን ተነሥቶ በሩን ይከፍታል።

«ነገ እነግራታለሁ» እያለ አራት ወር ሄደ። አሁን ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ ሽማግሌ ሆኖ እቤቷ ከቆመ ነገሩ ያልቃል። ለሌላ ሰው የለመናትን ልጅ ከዚያ ወዲያ በምን አፉ «እኔም አለሁ» ይላታል? በሕይወቱ ሙሉ ጋሼ ነው፤ የጓደኛው ሚስት ጋሼ።

ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ፋርማሲ ገብቶ ጥቁር የጸጉር ቀለም ገዛ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆለፈና ካርቶኑን ላቫቦው ጫፍ ላይ አቆመው። ካርቶኑ ላይ አንድ ጥቁር ጸጉር ያለው ፈረንጅ ይስቃል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል ይላል ጽሑፉ። ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ ነገ ሽማግሌ መሆን አይችልም፤ ሰኞ ጠዋት ባስ ላይ ሲያዩት ወንበር የሚለቅለት የለም። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው አየው። ፊቱ የልጅ፣ ራሱ የአባቱ ነው። ውሃውን ከፈተና እስኪሞቅ ጠበቀ።

በሩ ተንኳኳ።

«ሽማግሌው!» አለ ዓለሙ ከውጭ። ቤቱን የሚጋራው ልጅ ነው። «ሱፍህን ተኩሼልሃለሁ። በሽር አሁን ደውሎ ነበር፤ ‹ጸጉሩን አደራ› ይላል። የአንተን ጸጉር እንዲህ የሚያፈቅር ሰው አላየሁም፤ ለምን አንተን አያገባም?»

ኑረዲን ውሃውን ዘጋ። ካርቱም ጣሪያ ላይ እሱን ወባ ሲይዘው፣ ሦስት ሌሊት ራሱን በጨርቅ እያራሰ የጠበቀው በሽር ነው። ካርቶኑን ፎጣ ሥር ሸጎጠና ወጣ።

*

የጋሽ ተማም አፓርትመንት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። በሽር ታች ቫኑ ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀረ፤ ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ አይወጣም። ከንፈሩ ደርቋል። «ሰብስቤ፣ አደራህን አታርዝመው» አለ በመስኮት። «ኑረዲን፣ አንተ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይወስድህ።»

ኤሌቬተሩ ውስጥ ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰው ሲቆሙ አንዲት ነጭ አሮጊት የገበያ ጋሪያቸውን ይዘው ገቡ። አንድ በአንድ አዩአቸውና በጣም በሐዘን «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

«ኖ፣ ኖ» አለ ዓለሙ። «ዌዲንግ ነው።»

አሮጊቷ ይበልጥ አዘኑ።

«ስሙ» አለ ሰብስቤ ከኤሌቬተሩ ሲወርዱ፤ ክራቫቱን እያጠበቀ። «ተቀመጡ ይሉናል፤ አንቀመጥም። ሁለተኛ ይሉናል፤ አንቀመጥም። መልስ ሳናገኝ ወንበር የነካ ሰው ጉዳዩን ገደለው ማለት ነው። ገብቷችኋል? ኑረዲን፣ ኮፍያ።»

ኑረዲን ኮፍያውን አወለቀ።

በሩን የከፈቱላቸው የጋሽ ተማም ባለቤት እትዬ ቀመሪያ ናቸው። በር ሥር ጋዜጣ ተነጥፎ ጫማ ተደርድሯል፤ እነሱም አወለቁ። ሦስት ባለ ሱፍ ሽማግሌ በካልሲ ምንጣፍ ላይ ተሰለፈ። የሰብስቤ አውራ ጣት በካልሲው ብቅ ብሏል፤ በሌላኛው እግሩ ሸፈነው። ከወጥ ቤቱ የሰሃን ድምፅ ይመጣል። ኑረዲን ማን እንደምታጥብ ሳያይ አወቀ።

ጋሽ ተማም ሶፋው መካከል ኮታቸውን ለብሰው፣ ሥርዓቱን ጠብቀው ተቀምጠዋል። ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት ምንጣፍ የሚጠርጉት ሰው አይመስሉም። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ እሳቸውን አስቦ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ይህ የመጀመሪያው ነውና ፊታቸው ሊኮሳተር ይፈልጋል፣ ሊስቅ ይፈልጋል።

«ግቡ። ተቀመጡ።»

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ተማም» አለ ሰብስቤ። «ቆመን ደህና ነን።»

«አንተ ሰብስቤ፣ መቼ ሰለምክ?» አሉ ጋሽ ተማም።

«ለልጃችን ስንል ምን የማንሆነው አለ!»

እትዬ ቀመሪያ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሽ ተማም ሁለተኛ «ተቀመጡ» አሉ፤ ሦስተኛም አሉ። ሦስቱም ቆሙ። ከዚያ ሰብስቤ ጀመረ። ከደሴ ፍርድ ቤት ይዞት የመጣው አማርኛ ሁሉ ዛሬ ወጣ። የበሽርን ሰባት ዘር ቆጠረ፤ የማያውቀው ቦታ ላይ ሲደርስ «የተከበሩ» እያለ አለፈው። ታታሪነቱን፣ ሶላቱን፣ ከጫት መራቁን ተናገረ። ዳቦ የሚያድል ሰው እጁ እንደማይነጥፍ ተናገረ። ኑረዲን የክፍሉን መስኮት ያያል። ከመስኮቱ ወዲያ ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ድልድዩ በአየር ላይ ብቻውን የቆመ ይመስላል፤ በላዩ አንድ ባስ በዝግታ ይሄዳል።

«ጥሩ ብለሃል» አሉ ጋሽ ተማም ሰብስቤ ሲጨርስ። «አንተ ግን ለሌባም እንዲሁ ትናገራለህ። ምላስህ የሠለጠነ ነው፤ በእሱ አልፈርድም።» ፊታቸውን መለሱ። «ከመካከላችሁ ታላቁ ዝም ብለዋል። እርስዎ ይንገሩኝ።»

ኑረዲን አሁንም መስኮቱን ያያል። ዓለሙ ከኋላ ወጋ አደረገው።

«እርስዎን ነው» አሉ ጋሽ ተማም። «ዒድ ሶላት ላይ ነው የማውቅዎት፤ ብዙ አይናገሩም። በሽር መሥራቱን አውቃለሁ፣ መስገዱን አውቃለሁ። ይህች ልጅ እናቷ በእኔ አንገት ላይ ጥላት ነው የሞተችው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰውየው ለልጄ ምን ልብ አለው? እሱን ይንገሩኝ።»

ሰብስቤ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ጋሽ ተማም እጃቸውን አነሡበት። ኑረዲን በሽርን አሰበ፤ ታች ሞተሩን አስነሥቶ የደረቀ ከንፈሩን እየላሰ የሚጠብቀውን። ስለ በሽር ልብ ምን ያውቃል? በሽር ሁለት ጊዜ ነው ያያት። ስለ ሌላው ልብ ግን ያውቃል። የሚዋሽ አልመሰለውም፤ የሚያውቀውን ብቻ ነው የከፈተው።

«ሰውየው…» አለ። ድምፁን ሊያወፍረው ሞከረ፤ እምቢ አለው፤ ተወው። «ሰውየው ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የአንድ ሰዓት ከአሥሩን ባስ ነው የሚይዘው። እሷ በእሱ ስለምትሄድ ነው። የኋለኛው ባስ ባዶ ነው፣ ወንበርም አለው፤ አይሄድበትም። ባሱ ውስጥ መስታወቱ ላብ ሲይዝ በጣቷ ቃላት ትጽፋለች፤ የዕለቱን ፈተና መሰለኝ። ጽሑፏ ላይ ስሕተት ሲያይ አይነግራትም፤ እሷ ራሷ አግኝታ ስታጠፋው ደስታዋን ማየት ስለሚፈልግ። ከእሱ አንድ ፌርማታ ቀድማ ከወረደች በኋላ ጽሑፉ እስኪጠፋ ድረስ ሰው እዚያ መስኮት ላይ ራሱን እንዳያስደግፍ ይከላከላል።»

ወጥ ቤት ውስጥ የሰሃኑ ድምፅ ቆመ።

«ታኅሣሥ ላይ ለሁለት ቀን ታማ ቀረች። ሰውየው ፌርማታው ላይ ሦስት ባስ አሳልፏል፤ አለቃው ተቆጥቶታል። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ‹ደህና አደርሽ?› ብቻ ነው ያላት። በዚያ ታላቁ ስኖው በወረደበት ዕለት ባሱ ድልድዩ ላይ ቆመ። ሃያ ደቂቃ። ሰው ሁሉ ይራገማል። እሷ ግን ‹ሰማይ ውስጥ ያለን አይመስልም?› አለች። ሰውየው በሕይወቱ ሌላ ሰው እንደዚያ የሚያስብ መኖሩን አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ባሱ ባይነሣ ብሎ ዱዓ አድርጓል። እስካሁን ሳይነሣ እዚያው እንዳለ የሚመስለው ጊዜ አለ። ልቡ ይኼ ነው፤ ሌላ የለውም።»

ዓለሙ አፉን ከፍቶ ሰብስቤን አየ። ሰብስቤ ጣሪያውን አየ።

«ባስ?» አሉ እትዬ ቀመሪያ። «ልጁ መኪና ያለው አይደለም እንዴ?»

«የሥራ ነው!» አለ ሰብስቤ ፈጠን ብሎ። «መኪናው የሥራ ነው። ለግሉ ባስ ነው የሚይዘው። ቁጥብ ነው።»

ጋሽ ተማም አልሰሙትም። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ እያሹ ነበር።

«ሱብሐን አላህ» አሉ። «ያ ልጅ እታች ሱቁ ዳቦ አውርዶ ቀና ሳይል ሲሄድ ‹ደንዳና ነው› እል ነበር። ይህን ሁሉ ይዞ ነው እንዴ ዝም የሚለው?» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ በበኩሌ ፈቅጃለሁ። ቀሪው የልጅቱ ቃል ነው። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ሰብስቤ እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ዓለሙ ተቀመጠ። ኑረዲን ግን ቆሟል።

«ይቀመጡ እንጂ፣ መልስ ተሰጠ እኮ» አሉ ጋሽ ተማም።

ኑረዲን ሰማቸው፤ እግሩ ግን አልታጠፈም። ሰብስቤ የኮቱን ጫፍ ሳበው። «ቁጭ በል፣ አንተ ሰው» አለው በጥርሱ። «እንደ ሐውልት አትገተር።» ኑረዲን ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ካልሲውን ያያል።

«ዙበይዳ!» ብለው ተጣሩ እትዬ ቀመሪያ።

ዙበይዳ ወጣች። እጇ እርጥብ ነው፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ሻሿን አስተካክላ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆመች። አጎቷን አላየችም፤ ሰብስቤንና ዓለሙንም አላየችም።

«ሰምተሻል መቼም» አሉ ጋሽ ተማም፤ ድምፃቸው ለስልሶ። «ግድግዳው ወረቀት ነው።»

«ሁሉንም ሰምቻለሁ አጎቴ።»

«እንግዲህ እኔ አላስገድድሽም። በሽር…»

«አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

ወደ ኑረዲን ዞረች። በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት ቆመው አያውቁም፤ ባስ ላይ አንዱ ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው። ቁመታቸው እኩል ነው ለካ። ፊቱን አየችው። ጸጉሩን ትታ፣ ከግንባሩ ጀምራ ወደ ታች፣ እንደ ደብዳቤ አነበበችው።

«ጋሼ» አለች፤ «ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ዙበይዳ!» አሉ እትዬ ቀመሪያ። «ምን ዓይነት ነውር ነው?»

ሰብስቤ «አርባ…» ብሎ ጀመረ።

«ሃያ ስድስት» አለ ኑረዲን።

አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ብሎ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገርም አልሞላችም። ከአፉ ስትወጣ ክብደት አልነበራትም። ሰውነቱ የቀለለ መሰለው፤ ምንጣፉ ላይ ቆሞ ሳለ ወለሉ ትንሽ ዝቅ ያለለት።

«ስንት?» አሉ ጋሽ ተማም።

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው ጋሽ ተማም። ሽበቱ የአባቴ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን እርስዎ እያልኩ…» ጋሽ ተማም ከሶፋው ግማሽ ተነሡ። «ሰብስቤ! ልጅ ነው እንዴ ይዘህብኝ የመጣኸው?»

«በልብ ሽማግሌ ነው ጋሽ ተማም! ደግሞ ሃያ ስድስት በዚህ አገር…»

«ዝም በል!» ወደ ኑረዲን ዞሩ። ቁጣቸው መሐል ላይ አንድ ሐሳብ ይዟቸው ቀስ አሉ። «ቆይ። ቆይ እስቲ። ያ ባስ… ያ ሰውዬ የምትለው…»

ኑረዲን ኮፍያውን ጨመቀው። በሽር ታች ነው። እውነቱን ጀምሮ ግማሹን መዋጥ ከዚህ ወዲያ አይቻልም።

«በሽር ባስ አይይዝም» አለ።

ዓለሙ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሰብስቤ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ የተቀመጠው በስሕተት ነበርና።

ዙበይዳ ከቆመችበት ተንቀሳቀሰች። በእነሱ መካከል አለፈች፤ ስታልፍ የቀሚሷ ጫፍ የኑረዲንን ካልሲ ነካ። በር ሥር ጎንበስ አለችና ከተደረደረው መካከል ቦት ጫማዋን ለየች። ግድግዳውን ተደግፋ የግራውን አጠለቀች፤ ቀኙን አጠለቀች። ዚፖቹን አንድ በአንድ ሳበች። አልቸኮለችም። ኮቷን ከመስቀያው አወረደች፤ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ጋሽ ተማምም ጭምር፣ ቁልፎቹን አብሯት የሚቆልፍ ይመስል ያያታል።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉ እትዬ ቀመሪያ። «እኔን ንገሪኝ! ዙበይዳ! መልስ ሳትሰጪ?»

ዙበይዳ የሻሿን ጫፍ በአንገቷ ዙሪያ አዞረች፤ «ባስ ልይዝ» አለች ኑረዲንን እያየች፤ በሩን ከፈተችና ሳትዘጋው ወጣች።